ዕድሜ በሽታ አይደለም

በኦልድ ካይሮ የሐምሌ ቀትር ከማር ጊርጊስ ሰፈር ወደ ሳላህ ሳሌም ጎዳና የሚወጣው መኪና እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ይንፏቀቃል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ መሀል ያረጀ ፊያት 128 ወይም ላዳ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ሞተሩ ጥፍት ይላል። ባለቤቱ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ከኋላ ጡሩምባ ይንጫጫል፣ አላፊ አግዳሚው ገፍቶ ዳር ያስይዝለታል። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ጋራዥ ስትደርስ የሚጠብቃት ፍርድ አንድ ነው፦ «አርጅታለች»። አዲስ አበባ ላይ ላዳ ታክሲ የነዳ ሁሉ ይህን ፍርድ ያውቀዋል።

ፍርዱ ስህተት ነው። ስህተትነቱም ባለመኪናውን ለኪሳራ፣ ተሳፋሪውን ለአደጋ ይዳርጋል።

«አርጅታለች» ከተባለ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። በካይሮ ባለቤቱ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ተውፊቂያ ይላካል፤ በአዲስ አበባ ወደ ሶማሌ ተራ። መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ቦቢና፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ፣ በመጨረሻ ካርቡራተሩ ወርዶ ይታጠባል። ከእነዚህ አንዱ ችግሩን ቢያስወግደው እንኳ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባያስወግደው ደግሞ መኪናዋ እዚያው ጎዳና ላይ ዳግም ትቆማለች፤ ባለቤቱም ደህና የነበሩ ዕቃዎችን አውጥቶ ጥራታቸው በማይታወቅ ተለዋጮች ተክቷል። ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር ጥገና እየተባለ ይከፈልበታል እንጂ ግምት ነው።

መኪኖቹ ደግሞ ምስጢራዊ አይደሉም። ናስር የተባለው የግብፅ የመኪና ፋብሪካ ከኦልድ ካይሮ በስተደቡብ፣ በሄልዋን አካባቢ በዋዲ ሆፍ ነበር ፊያት 128ን ለብዙ ዓመታት ያመረተው። የግብፅ መካኒክ ይህን ሞተር እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ መኪናዋ በቆመችበት ቅጽበት ምን እንደጎደላት የመጠየቅ ልማድ ነው።

የዕድሜ ፍርድ በሕግም ድጋፍ ያገኘ መስሎ ይታያል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የትራፊክ ሕግ ቁጥር 121 ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ ታክሲዎች ፈቃዳቸውን እንዳያድሱ ከለከለች። ከ2009 ጀምሮ በታላቋ ካይሮ ጥቁርና ነጭ የነበሩት አሮጌ ታክሲዎች በነጭ ታክሲዎች እንዲተኩ ተደረገ፤ ከ40,000 በላይም ተተኩ። ለከተማዋ አየር የታሰበበት እርምጃ ነው፤ ይህ ጽሑፍ አይቃወመውም። ግን የ20 ዓመት መስመር የታክሲ ፖሊሲ ነው። መንገድ ዳር ስለቆመች አንዲት መኪና የሚነግረን ነገር የለም።

ድንገት መጥፋት የእርጅና ምልክት ቢሆን ኖሮ አዳዲስ መኪኖች ባልጠፉ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው የቁልፍ ማብሪያው እየተንሸራተተ ሞተሩን በጉዞ ላይ ስለሚያጠፋና የአየር ከረጢቱን ስለሚያግድ ነው። የኩባንያው ሰዎች ለዓመታት ጉዳዩን የደኅንነት ሳይሆን የደንበኛ ምቾት ጉዳይ አድርገው መዝግበውት ነበር። በኋላ የተቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ምክንያት መሞታቸውን ተቀበለ። በዚህ ጉድለት ከሞቱት አንዷ በጆርጂያ ግዛት የምትኖር ነርስ ነበረች። በ2010 መኪናዋ በጉዞ ላይ ስለጠፋባት ወደ ጋራዥ ወስዳ ነበር። የነዳጅ ሥርዓቱ ተጸድቶ ተመለሰላት፤ በቀናት ውስጥ በአደጋ ሞተች። መኪናዋ የ2005 ሞዴል ነበረች። ያጸዱት ክፍል ከችግሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

እንግዲህ የቆመች መኪና ምን ትላለች? ብዙ ትላለች፤ የሚያዳምጣት ካለ። ሞተሩ ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንድ ጊዜ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያዘነብላል፦ ቦቢና፣ ዲስትሪቢዩተር፣ የቁልፍ ማብሪያ፣ የላላ ሽቦ። እየተንገጫገጨና ጉልበቱ እየደከመ ከጠፋ ወደ ነዳጁ ያዘነብላል። ከጠፋ በኋላ የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮ ከሞተ ካርቡራተር ማጠብ ጊዜ ማባከን ነው። የሳልባትዮው ክዳን ሲከፈት አየር እየሳበ ከጮኸና መኪናዋ ወዲያው ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ከሁሉ የሚያታልለው ሙቀት ነው። የነዳጅ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ስለተገጠመ በትራፊክ መጨናነቅ መሀል በውስጡ ያለው ቤንዚን ሊተንና ፈሳሹ ሊቋረጥ ይችላል። የተበላሸ ቦቢናም ሲግል ሥራ ያቆማል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ሁለቱም መኪናዋን በቀትር ያቆሟታል፤ ሁለቱም ትንሽ ከተጠበቁ ያስነሷታል። በካይሮም በአዲስ አበባም ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ይጥላሉ፤ መኪናዋ ስትነሳ «ፓምፑ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ግን ጨርቁን እየጣሉ ቦቢናውም አብሮ በርዷል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱን ብቻ አብርዶ ወዲያው መሞከር። ከዚያም ሁለት ነገር ማየት። ሞተሩ ሳይዞር የካርቡራተሩ አንቀሳቃሽ ሲገፋ ወደ ውስጥ ቤንዚን ይረጫል ወይስ ደርቋል? ሞተሩ በሞቶሪኖ ሲዞር በመፈተሻ በኩል የካንዴላ እሳት ይታያል ወይስ የለም? ሁለቱ መልሶች ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥሩታል።

ቁም ነገሩ ይህ ሁሉ መኪናዋ በቆመችበት ሰዓት መደረጉ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዲስትሪቢዩተሩ ላይ የገጠመው የማቀጣጠያ ሞጁል ሲግል ሞተሩን ያጠፋ ነበር፣ ሲበርድ ግን ይሠራ ነበር። ጋራዥ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይገኛል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2000 ኩባንያው ችግሩን ደብቋል ሲሉ ወሰኑ። ቀዝቅዛ በተጎተተች መኪና ላይ የሚደረግ ምርመራ ጥፋተኛውን ነጻ ይለቃል።

በአንዱ ከተማ ጋራዥ የተሰጠ ምክርም ለሌላው ከተማ አይበቃም። ካይሮ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯም አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር ሽቅብ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። የካይሮ የፀደይ አቧራ፣ ኻምሲን የሚባለው ነፋስ የሚያመጣው፣ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍን ደግሞ ተመሳሳይ ምልክት ከሌላ ምክንያት ይመጣል።

መካኒኮች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ ሚዛን አለው። ባለመኪና ለዕቃና ለመግጠም ይከፍላል እንጂ ሁለት ሰዓት ለማየትና ለመፈተን አይከፍልም። እውነት ነው። የግምቱ ልማድ ሥር እዚህ ነው፤ ዕቃ የቀየረ ይከፈለዋል፣ ምክንያት የፈለገ በነጻ ይሠራል። ስለዚህ ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይደለም። ባለመኪናው «ስንት ዕቃ ተቀየረ?» ብሎ እየጠየቀ ትክክለኛ ምርመራ ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትቆምባችሁ ከመገፋቷ በፊት ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ በድንገት ወይስ እየደከመ እንደጠፋ፣ የዳሽቦርዱ መብራት በርቶ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፣ ለመነሳት ምን ያህል እንደቆየ። ወረቀቱን ለመካኒኩ ስጡት። ለምርመራው ለብቻው ክፈሉት፤ ከዚያ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የተበላሸው የቱ እንደሆነና እንዴት እንዳወቀው እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። «አርጅታለች» ካላችሁ፣ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።