የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ሲለወጥ የአስመጪውና የሻጩ ኃላፊነት

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሳሪስ፣ ሒሳባቸውን በኮምፒዩተር የሚይዙ ሱቆችና መጋዘኖች ብዙ ናቸው። መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል ነው። ይኸውም ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት እየለወጠ ለሌሎቹ ክፍሎች የሚያከፋፍል ነው።

ይህ ዕቃ ሲበላሽ ሙሉውን በአዲስ መለወጥ እንጂ ሣጥኑን ፈትቶ ውስጡን መነካካት የሚገባ አይደለም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ 300 ቮልት ያህል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በካቻቢቴ የነካቸው ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሙሉውን መለወጥ ግን አስቀድሞ ገመዱን ነቅሎ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ለተጫነ ሰው ቀላል ሥራ ነው። የአሮጌው ገመዶች ለአዲሱ ላይስማሙ ስለሚችሉ ከአዲሱ ጋር የመጡትን ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ጠጋኙ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ የአስመጪውን ስሕተት ሊያርም አይችልም። አንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በስተኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አላቸው። መቀየሪያው በ115 ላይ እንዳለ በአገራችን መብራት ቢሰካ ዕቃው ወዲያውኑ ሊፈነዳ ይችላል። ሻጩ ከማስረከቡ በፊት ይህን አስተካክሎ ለገዢው ማሳየት አለበት፤ አስመጪውም ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ በራሱ የሚቀበለውን ዓይነት ቢያስመጣ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት ነው። በ12 ቮልት መስመር የተመለከተው አምፔር በ12 ሲባዛ ከጠቅላላው ዋት እጅግ ካነሰ ጽሑፉን መጠራጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ዕቃ ሥራ ሲበዛበት ተቃጥሎ ማዘርቦርዱንና ሒሳቡን የያዘውን ዲስክ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። በግዢው ጥቂት ብር ያተረፈ የመሰለው ባለሱቅ የዓመት ሒሳቡን ያጣል ማለት ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት፣ ሻጩም ከማስረከቡ በፊት ጽሑፉን ቢመረምሩ የገዢው ሕይወትና ንብረት፣ የራሳቸውም ስም ይጠበቃል።