የክረምት ጨዋታና የቋንቋ ትምህርት

የትምህርት ዘመን አልቆ የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ፣ ደብተርና መጽሐፍ በአንድ ጥግ ተከማችተው ሳይገለጡ መክረማቸው የተለመደ ነው። ልጅ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ንባብና ሰዋስው በአንድ ቀን አይረሳውም፤ ሥራ የፈታ ማረሻ እንደሚዝግ ሁሉ ዕውቀቱም ቀስ በቀስ ይዝጋል እንጂ። አሜሪካዊው ምሁር ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ 39 ጥናቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ፣ ረጅሙ ዕረፍት የሚያስከትለው ጉዳት በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል መሆኑን፣ ከሒሳብ ስሌት ጋር ይበልጥ የሚጎዳውም የቃላት አጻጻፍ መሆኑን አመልክተዋል። በጉዳቱ መጠን ላይ ከዚያ ወዲህ ክርክር ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ያ ጥናት የሚመለከተው በአብዛኛው የትምህርት ቤታቸው ቋንቋ በአገሩ ሁሉ የሚነገርላቸውን ልጆች ነው። ቋንቋው ከቤቱ ደጃፍ ወዲያ የማይሰማለት ልጅ ከዚህ የበለጠ እንደሚያጣ ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሩንዳ ነው። ሩንዳ ከናይሮቢ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ከካሩራ ደን አጠገብ የሚገኝ መንደር ነው። ቀድሞ ቡና ይለማበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ተሠርተውበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ያለበት ጊጊሪ ጎረቤቱ ስለ ሆነ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች ለሥራ የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩበታል፤ ኢትዮጵያውያንም በመካከላቸው አሉ። በዚያ የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከዘበኛውና ከገበያው ስዋሒሊ ይሰማል፤ አማርኛ የሚያገኘው ወላጆቹ ከሥራ ደክመው ሲመለሱ፣ በማታ ነው። ፊደል ቢቆጥር እንኳ የሚያነበው ነገር ከእጁ ስለሚርቅ፣ ሁለት ወር ሳይነካው የቆየ እንደ ሆነ «ጠ»ን ከ«ጸ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» መለየት ይቸግረዋል።

ይህን የተገነዘቡ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ከሁለት መፍትሔዎች አንዱን ይይዛሉ። አንዳንዶቹ በዕረፍቱ ወራት ልጁን በየጧቱ ከጠረጴዛ ጋር አቆራኝተው ገጽ ሙሉ ያስገለብጡታል። ሌሎቹ ደግሞ ለፈረንጅ ልጆች የተዘጋጀውን የበጋ ጨዋታ ወስደው ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፤ የባሕር ዳር አሸዋ፣ የፀሐይ መነጽርና አይስክሬም የተሣሉበትን ወረቀት ዘርግተው «ባዶውን ቦታ ሙላ» ይላሉ። የመጀመሪያው ልጁን ከቋንቋው ያጣላዋል። ሁለተኛው ገና ከርእሱ ይሳሳታል። በሐምሌና በነሐሴ ኢትዮጵያ ክረምት እንጂ በጋ አይደለም፤ በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ጊዜ ነውና። ናይሮቢም ብትሆን ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በእነዚሁ ወራት ሰማይዋ ዳምኖ ብርድ ይሰማባታል፤ ዋናው ዝናብ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወርዶ አልፏል። እንግዲህ «በጋ» የሚለው ቃል የአያቶቹንም አገር ሰማይ አይገልጽ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚታየውንም አይገልጽ። ቃሉ ከሚያየው ነገር ጋር ያልተገናኘለት ልጅ ወረቀቱን ቢሞላም ቋንቋውን አልከለሰም።

የሚያስገርመው፣ ሰዋስው የሚከለስባቸው ጨዋታዎች በክረምቱ ባህል ውስጥ ተዘጋጅተው መቀመጣቸው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ እንቆቅልሽ ይነሣል። ዝናብ ሲጥል ልጆች እሳት ዳር ተሰብስበው የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ ገና ሲከፈት የተውላጠ ስም ትምህርት ነው። ወንድ ልጅ ሲጠየቅ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል፤ ሴት ልጅ ስትጠይቅና ስትጠየቅ ቃሉ ወደ «ልሽ» ይዞራል። መልሱ ሲጠፋ የሚመጣው ቅጣትም «አገር ስጠኝ» ወይም «አገር ስጪኝ» የሚል ነው፤ ብዙ ቢሆኑ «ስጡኝ» ይሆናል። አንተንና አንቺን፣ እናንተንም ጭምር በአንድ ቃል በሚጠራ ቋንቋ ለሚማር ልጅ፣ ይህን ልዩነት አሥር ገጽ ቢገለብጥ እንደዚህ አይዘልቀውም። በሩንዳ የሚጫወቱ ልጆች ጎንደርን ወይም ሐረርን ብቻ መስጠት የለባቸውም፤ ሞምባሳንና ኪሱሙንም ቢሰጡ ጨዋታው አይከፋውም። አገር የሌለው ተሸናፊ ሩንዳን ራሷን አሳልፎ ይስጥ።

የተሻለው ግን ልጆቹ የራሳቸውን እንቆቅልሽ እንዲፈጥሩ ማድረግ ነው። «ሲመጣ ያለቅሳል፣ ሲሄድ ያስቃል» ቢባል መልሱ ክረምት ነው። ይህን ለደመናዋ አድርገው በሴት አንቀጽ እንዲለውጡት ሲታዘዙ «ስትመጣ ታለቅሳለች፣ ስትሄድ ታስቃለች» ይላሉ፤ በብዙ ሲሆን «ሲመጡ ያለቅሳሉ» ይሆናል። ደግሞም «ይስቃል» እና «ያስቃል» አንድ አለመሆናቸውን፣ አንደኛው የራስ ሥራ፣ ሁለተኛው ሌላውን ማሠራት መሆኑን ከዚችው አጭር ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ። እንቆቅልሹን በወረቀት ጽፈው ሲለዋወጡ ንባቡና የቃላት አጻጻፉ አብሮ ይከለሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሰዋስውም አልፎ የቤተሰብን ልብ የሚነካ ነው። በውጭ አገር ያደገ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ ከአያቱ ጋር ሲነጋገር «ደኅና ነሽ? ምሳ በላሽ?» ይላል። አያቲቱ ፈገግ ብለው ያልፉት ይሆናል፤ በአንዳንድ ቤትም አያትን አንቺ ማለት የፍቅር ልማድ ነው። ነገር ግን ልጁ «አንቺ» ያለው መርጦ ሳይሆን «እርስዎ» የሚለውን ስላላወቀ ከሆነ፣ አክብሮቱን የሚገልጽበት መሣሪያ የለውም ማለት ነው። ለዚህ የሚሆነው የእንግዳ ጨዋታ ነው። አንዱ ልጅ ነጠላ ተከናንቦ አያት ይሆናል፤ አንዱ ታናሽ ወንድም፣ አንዷ ታናሽ እኅት ይሆናሉ። አስተናጋጁ እየዞረ «ይቀመጡ»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ» ማለት አለበት፤ ቡና ሲያቀርብ፣ ዳቦ ሲቆርስም እንደዚሁ። ከዚያም ወጥቶ ለሌላው ሲያወራ «አያቴ መጡ» እንጂ «አያቴ መጣች» እንዳይል ይጠበቃል። የተሳሳተ ነጠላውን ተረክቦ አያት ይሆናል። ይህ ቅጣት ለልጆች ከሽልማት የማያንስ ነው።

የማጥበቅና የማላላት ነገርም በጨዋታ ካልሆነ በሌላ መንገድ በቀላሉ አይያዝም፤ ፊደላችን ምልክት አያደርግለትምና። «ዋና» ሲላላ በውሃ ውስጥ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ከሁሉ የበለጠ ማለት ነው። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ይሆናል። እነዚህ ቃላት በቁርጥራጭ ወረቀት ተጽፈው በቆብ ውስጥ ይደባለቃሉ። ያወጣው ልጅ ቃሉን ሳይናገር በአካሉ ይሠራዋል፤ የተቀሩት በትክክል አጥብቀው ወይም አላልተው ይጠሩታል። እየዋኘ ያለውን ልጅ «ዋና» ብሎ አጥብቆ የጠራ ቡድን ነጥብ ያጣል።

የፊደሉን መልክ ለመከለስ ደግሞ የጥንት መምህራን ያቆዩት ዘዴ አለ። «ሀ ሁ»ን በዜማ ያጠና ልጅ ፊደሉን ሳያይ በቃሉ ሊወርደው ይችላል። ስለዚህ መምህራኑ ገበታውን በሌላ ሥርዓት ደርድረው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» አሉት፤ «አ» ግዕዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። እዚህ ዜማው አያድነውም፤ ማየት አለበት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነዚህን በካርቶን ቆርጦ በግቢው ሣር ላይ በትኖ «አቡጊዳ»ን ቀድሞ የሠራ ያሸንፋል ማለት ብቻ ይበቃል። ገበጣም ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ በኬንያ ባኦ የሚባል ዘመድ ስላለው ልጆቹ ሊያውቁት ይችላሉ። ለቁጥር እንጂ ለንባብ ግን ብዙ አይረዳም።

«ዕረፍት ዕረፍት ነው፤ ልጅ ይተው» የሚሉ አይጠፉም። ክረምት የመማሪያ ጊዜ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ግን በኢትዮጵያ ታሪክ አይደገፍም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጠረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በክረምት፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነበር። ቢሆንም ተቃውሞው እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። ወላጅ በየዓረፍተ ነገሩ ጣልቃ እየገባ የሚያርም ከሆነ ጨዋታው የተሸፋፈነ ፈተና ይሆናል፤ ልጆችም ወዲያው ያውቁበታል። ማረም የሚገባቸው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። መሪውም አባት ወይም እናት ከሚሆን ይልቅ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ወንድም ወይም እኅት ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያስጫውተው ራሱ ሰዋስዉን መልሶ ማየት ግድ ይሆንበታልና።

ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው፤ የሩንዳ አጥር ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ በናይሮቢም ቢሆን ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በኢስትሊ፣ ልጅ ደረጃውን ሲወርድ እኩዮቹን ያገኛል። በሩንዳ ግን በአንዱ ግቢና በሌላው መካከል ከፍ ያለ አጥር፣ የተቆለፈ በርና ዘበኛ አለ። የክረምት ጨዋታ ብቻውን ላለ ልጅ አይሆንም፤ እንቆቅልሽ ጠያቂና ተጠያቂ፣ ሆያ ሆዬ አውራጅና ተቀባይ ይፈልጋል። የቡሄ ጨዋታ ደግሞ ለቋንቋ ከሁሉ የበለጸገው ነው፤ አውራጁ ለቤቱ ባለቤት የሚስማማ ግጥም በቦታው ይገጥማል፣ ተቀባዮቹ ቃሉን ሰምተው ይመልሳሉ፣ ባለቤቱም በሙልሙል ፈንታ ምርቃት ይቀበላል። ቡሄ የሚውለው በነሐሴ 13፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በኦገስት 19 ስለ ሆነ ብዙዎቹ ልጆች ያን ጊዜ በዕረፍት ላይ ናቸው፤ እንቁጣጣሽ ግን ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ በሩንዳና በአካባቢው የሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች በሐምሌ መጨረሻ ተነጋግረው በራቸውን ለዚያ ቀን ለማስከፈት ቢስማሙ፣ ልጆቹ ለየቤቱ የማስታወቂያ ደብዳቤ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ የቤቱን ባለቤት ስም፣ የሚመጡበትን ሰዓት፣ ስንት እንደሆኑ ይገልጻሉ፤ «እርስዎ» የሚለውንም በቦታው ያገቡታል። ለዘበኛው ደግሞ ይኸው ደብዳቤ በስዋሒሊ ይጻፍለታል።