የሁለት ምረቃዎች ነገር

በላስታ «ተመረቀ» የሚባለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጋውን ለብሶ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ልጅ ነው። ሁለተኛው ከሴፍቲኔት የሚወጣው አባወራ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በዘለቀው በዚህ ፕሮግራም ጉልበት ያለው ሰው በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት እርከን ይሠራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፣ በምትኩ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። አረጋዊና አቅመ ደካማ ያለ ሥራ ይረዳል። ቤተሰቡ ጥሪት ይዞ ራሱን ችሏል ሲባል ከመዝገብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ተመረቀ ይባላል።

የምለው ይህ ነው፤ እነዚህ ሁለት ምረቃዎች ሊተዋወቁ ይገባል። ዛሬ አይተዋወቁም። ልጁ አራትና አምስት ዓመት ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ጤና ይማራል። አባቱ በዚያው ዘመን ጎርፍ የሚያጥበውን ማሳ በድንጋይ ይክባል። የልጁ ትምህርት የአባቱን እርከን አንድም ቀን ሳይነካ ጋውኑ ይለበሳል።

መገናኛው ጠፍቶ አይደለም። ተማሪው «ኢንተርንሺፕ» የሚለው የተግባር ልምምድ በሥርዓተ ትምህርታችን አለ። የምሕንድስና ተማሪ ለዚህ ሲል ብዙ ጊዜ አንድ መንፈቀ ዓመት ከክፍል ይወጣል። ግን ምን ይሠራበታል? ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። የተቀበለው ቢሮ ወንበር ያሳየዋል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሣዋል፣ ጊዜው ሲሞላ ቅጹ ላይ ማኅተም ይመታለታል። ሪፖርቱ ካለፈው ዓመት ተማሪ ይቀዳል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ ይህን ሲያነብ «ስለ እኔ ነው» የሚል ግን ጥቂት አይሆንም። ይህ ማኅተም ለቀማ እንጂ ልምምድ አይደለም።

አገራችን ከዚህ የተሻለ ታውቃለች። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ ተማሩ። ይህ የቡድን ሥልጠና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መለያ ሆኖ ቀርቷል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ቤት ለቤት ጠይቀህ ችግሩን ትለያለህ፣ ከዚያ ታቅዳለህ፣ ትሠራለህ፣ ውጤቱን ትመዝናለህ። ጅማም ተማሪዎቹን ከዓመት ዓመት ወደ ኅብረተሰቡ የሚያወጣ ትምህርት ዘርግቷል።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት»ን ጀመረ። ተማሪው አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ሳያገለግል ዲግሪ አያገኝም ነበር። አብዛኛው መምህር ሆኖ ተመደበ። ጉድለት ነበረበት፤ ብዙው ተማሪ ያጠናውን ሙያ ትቶ ጠመኔ ይይዝ ነበር። ቢሆንም አገሩን ያላየ ሰው ትምህርቱን እንዳልጨረሰ የሚቆጥር ዩኒቨርሲቲ ነበረን።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በትእዛዝ ወደ ገጠር ወረዱ። ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፣ ገበሬውን በማኅበር አደራጅተዋል። ነገር ግን ዘመቻው በፖለቲካ ተጠለፈ፣ ብዙዎችም ጥለው ሄዱ። ገበሬውን ሳያዳምጥ ሊያስተምረው የሚቸኩል ዘመቻ መጨረሻው ይህ ነው። ነህምያ እንኳ ስለ ቅጥሩ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን አይቷል።

«ድሃ የተማሪ መለማመጃ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ልክ ይበጅለት። ተማሪው ቀበሌው የጠየቀውን ሥራ ይዞ ይሂድ። ማደሪያውና ስንቁ በገበሬው ጫንቃ ላይ አይውደቅ። ዘንድሮ የጀመረውን የከርሞው ተማሪ በዚያው ቀበሌ ይረከበው። ከነጥቡም የተወሰነው በነዋሪው ምስክርነት ይሰጥ። «ውሃው መጣ ወይስ አልመጣም?» ለሚለው ጥያቄ ከእንስራ ተሸካሚዋ የተሻለ ፈታኝ የለም።

«በዚህ ጊዜ ማን መንገድ ይወጣል?» የሚሉም አሉ። ይህም እውነት ነው፤ በግጭት መካከል ማንንም ወደማያውቀው አገር ሂድ አልልም። ግን የላስታ ልጅ ለእረፍት ወደ ቤቱ ሲመጣ የሚያውቀው አገር ነው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የመንደሩን ምንጭ ማጎልበት፣ የሒሳብ መዝገብ ተማሪ የቁጠባ ማኅበሩን ደብተር ማስተካከል ይችላል። የቱሪዝም ተማሪዋ ደግሞ ሌላ ከባድ ጥያቄ አላት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት መጥቶ እንግዳ ከላሊበላ ሲጠፋ፣ አስጎብኚው፣ የበቅሎ ባለቤቱና የሆቴል አስተናጋጇ በምን ኖሩ? ነገ ዳግመኛ ቢጠፋስ ምን ይደገፋሉ? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የምትሉ፣ ርዕሱ ደጃችሁ ተቀምጧል።

ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። በክረምት የአንዲት እናት ቤት ጭቃ እንመርጋለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንበተናለን። መመረጉ መልካም ነው። ግን እኚህ እናት ለምን ደኸዩ? መሬታቸውን ለማን አከራዩ? መታከሚያ አላቸው? በመካከላችን የሕግ፣ የጤና፣ የእርሻ ተማሪ እያለ ሁላችንም ጭቃ ረጋጭ ብቻ ከሆንን፣ የሰጠናቸው ካለን ሁሉ ያነሰውን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባ ዘንድሮ ለልምምድ የሚወጡትን ስም ጻፉ። እያንዳንዱ የሚማረው ሙያ የትኛውን የአካባቢያችንን ችግር እንደሚነካ ጠይቁት። መልሱን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱና ሽማግሌዎቹ ይስማሙ እንደሆነ ስሙ። ከተስማሙ የድጋፍ ደብዳቤውን ከዚያ አጽፉ፤ የትምህርት ክፍላችሁንም በዚያ ቦታ እንዲመድባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እንቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ማኅተሙን ከማስመታታችሁ በፊት ነዋሪውን «ምን ጠቀምናችሁ?» በሉ።