ከሕመሙ ለዳነ ሰው ቦታው ይመለስለት

ወባ ይዞት የዳነ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ «እንኳን ማረህ» ይባላል፤ የአእምሮ ሕመም ይዞት የዳነው ግን ከኋላው «ያ አብዶ የነበረው» እየተባለ ይጠራል። ሁለቱም ታመው ነበር፤ ሁለቱም ታክመው ተሽሏቸዋል። ታዲያ አንደኛው ስሙን ይዞ፥ ሁለተኛው ስሙን አጥቶ የሚመለሰው ስለ ምንድን ነው? ዛሬ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩን በጌዴኦ እንመልከተው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሌላ ቤት ቢሠራለት እንኳ፥ ሌሊት የሚያባንነው ሐሳብ ከጣራው ጋር አብሮ አይጠገንም። በሌላ በኩል ደግሞ በዲላም ሆነ በሌሎች የተማሪ ከተሞች ጫት አለ። ተማሪው ለፈተና ለመንቃት ብሎ ይጀምራል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣው ለጨብሲ አረቄ ይጨምርበታል፤ ጧት የደከመ ሰውነቱን ለማንቃት እንደ ገና ወደ ጫቱ ይመለሳል። እንዲህ እያለ አንዱ ሱስ ሌላውን ይጠራል።

የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለብዙ ዘመን የሚታሰበው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ዛሬ ዲላ የራሷ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አላት። ነገር ግን መድኃኒት ብቻውን ሰውን ወደ ማኅበሩ አይመልሰውም። በጉራጌ፥ በሶዶ ወረዳ፥ 166 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። ለአንደኛው ወገን ሕክምናው ብቻ ተሰጠ፤ ለሁለተኛው ወገን ግን ከሕክምናው ሌላ፥ ሐኪም ያልሆኑ ሠልጣኞች ቤቱ ድረስ እየሄዱ ቤተ ሰቡንና ጎረቤቱን መከሩለት። ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ኑሮውን በመምራት ሁለተኛው ወገን በልጦ ተገኘ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጌዴኦ መሠረት አይጎድለውም። ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሶንጎ አለው፤ ዕድርም አለ። በሞት ጊዜ ድንኳን የሚተክል ዕድር፥ ከሕመም ለተመለሰ አባሉ የተለመደ ተራውን ቢሰጠው ገንዘብ አያስወጣውም።

«ሕመሙ ቢመለስበትስ?» የሚል አለቃ ይኖራል። ሊመለስ ይችላል፤ ሱስም እንዲሁ ነው። የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ግን «አይታመንም» አይባልም። ዳሩ ግን ሕመሙን ለመደበቅ የተገደደ ሠራተኛ ለቀጠሮው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቀጠሮው ያለፈበትም መድኃኒቱ ያልቅበታል። እንግዲህ አለቃው የፈራውን ነገር የሚያመጣው ራሱ ፍርሃቱ ነው።

ስለዚህ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ የታመመው ባልደረባችሁ ሲመለስ ወንበሩንና ሥራውን ስጡት፤ የቀጠሮውንም ቀን አክብሩለት። ተማሪዎችም ጫት የተወውን ጓደኛችሁን «ና እንቃም» አትበሉት፤ ሻይ ጋብዙት። ሐኪሙ ድርሻውን ይሠራል፤ የቀረው ድርሻ የእኛ ነው።