ቁጥር ብቻውን አያነግሥም

ከአትላንታ

«ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» የሚለው አባባል የተቃዋሚው ጎራ የዘወትር መፈክር ከሆነ ውሎ አድሯል። የደጋፊውን ብዛት ብቻ ቆጥረው ሥልጣን በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለው ለሚጠብቁ ፓርቲዎች፣ እኛ በስደት የምንኖርባት የጆርጂያ ግዛት ትልቅ መማሪያ ናት።

ጆርጂያ ከ1992 እ.ኤ.አ. በኋላ ለዲሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ እጩ ሳትቆም 28 ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ጥቁሩ፣ ላቲኑ፣ እስያዊውና እንደ እኛ ያለው መጤ በአትላንታ ዙሪያ እየበዛ ሄደ፤ በ2020 ቆጠራ የነጩ ነዋሪ ድርሻ ወደ ግማሽ ወረደ። ለአሥርት ዓመታት የሪፐብሊካኖች ምሽግ የነበረው ጉዊኔት ካውንቲ በ2016 ወደ ዲሞክራቶች ዞረ። በ2020 ጆ ባይደን በ11,779 ድምፅ ብልጫ የግዛቲቱን 16 ወካይ መራጮች ጠቅልለው ወሰዱ።

ያን ጊዜ ብዙዎች «ከእንግዲህ ጆርጂያ የዲሞክራቶች ናት» አሉ። ሪፐብሊካኖች የሚመሩት የግዛቲቱ ምክር ቤት ግን በመጋቢት 2021 የምርጫውን ሕግ ለወጠ፦ በፖስታ የሚመርጥ ሰው የመታወቂያ ቁጥር እንዲያቀርብ፣ እስከ መለያ ምርጫው ያለው ጊዜ ከዘጠኝ ሳምንት ወደ አራት እንዲያጥር፣ በምርጫ ጣቢያ አጠገብ ለተሰለፈ ሰው ውኃ ማደል እንዲከለከል ተደነገገ። ይህም ሆኖ በ2022 ራፋኤል ዋርኖክ የሴኔት ወንበራቸውን በመለያ ምርጫ አስጠበቁ። በ2024 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ በ115 ሺህ ገደማ ድምፅ ግዛቲቱን መልሰው ያዙ። የሕዝብ ብዛት የማንም ፓርቲ ርስት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በአገራችን የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ሲያሸንፍ፣ ተሰናባቹ የፌዴራል ፓርላማ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ እንዲያስፈልግ ደንቡን ለወጠ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ። በየምርጫ ክልሉ የቀደመው ሁሉን ይወስዳል፤ ሁለተኛ ለወጣው የተሰጠው ድምፅ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጡት ከዚሁ ምክር ቤት ድምፅ ነው፤ ፕሬዚዳንቱም የሚመረጡት በዚሁ ምክር ቤትና በፌዴሬሽን ምክር ቤት የጋራ ስብሰባ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየ10 ዓመቱ እንዲቆጠርና የምርጫ ክልሎች ወሰን በዚያ ውጤት እንዲወሰን ያዛል። ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በኋላ ሊካሄድ የታቀደው ግን ተደጋግሞ ተራዘመ፤ የ2013 ዓ.ም. ምርጫም ያለ አዲስ ቆጠራ ተካሄደ። ያልተቆጠረ ሕዝብ በትክክል ሊወከል እንዴት ይቻለዋል?

ስለዚህ ለተቃዋሚ ፓርቲዎች የምንለው ግልጽ ነው፦ የሕዝብ ቆጠራን፣ የምርጫ ክልል ወሰንንና የተመጣጣኝ ውክልናን የትግላችሁ ቀዳሚ አጀንዳ አድርጉ። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ስለ ሕጉ ማማረር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመሆን አያልፍም።

ዜግነት ያገኛችሁ የጆርጂያ ወገኖቻችንም፣ ለተቃውሞ ሰልፍ እንደምትወጡ ሁሉ በመራጭነት ተመዝግባችሁ በምርጫ ሰልፍ ቁሙ። የምርጫውን ሕግ የሚጽፉት የግዛቲቱ ምክር ቤት አባላት ናቸውና፣ እነርሱ በሚመረጡበት ቀን ከቤት አትቅሩ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!