የተደራጀ ማኅበር የሕግ አጋር እንጂ እንቅፋት አይደለም

አዲስ መሣሪያ ወደ ኅብረተሰቡ ሕይወት በገባ ቁጥር አዲስ ቅራኔ ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው። በተለምዶ ድሮን የሚባለው ሰው አልባ አውሮፕላን በገበያ ላይ በርካሽ ዋጋ መገኘት ከጀመረ ወዲህ፣ መንግሥታት ሰማያቸውን ለመጠበቅ በደንብ ላይ ደንብ ሲያወጡ ቆይተዋል። በዚህ መካከል ግን፣ ድሮን የሚለው ቃል ከመለመዱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ሞዴል አውሮፕላን በእጃቸው እየሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው ሲያበሩ የኖሩ ሠራተኞች፣ ጡረተኞችና ተማሪዎች፣ እነርሱ ያልፈጠሩትን ችግር ለማስወገድ የወጣው ደንብ ቀዳሚ ተሸካሚዎች ሆነው ተገኝተዋል።

ጉዳዩ ለቀበሌ ማኅበር አባልና ለሠራተኛው የሩቅ ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥያቄው ግን የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ራሱን በራሱ ደንብ እየመራ የኖረ የሕዝብ ማኅበር ከመንግሥት ሕግ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ሊኖረው ይገባል የሚል መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ቅራኔው ጎልቶ የታየው በዩናይትድ ስቴትስ በመሆኑ፣ ምርመራችንን ከዚያው አገር ተጨባጭ ሁኔታ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለቱን መሣሪያዎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ድሮን በሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ እየታገዘ ራሱን በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ ለማቆም ይችላል። የገዛው ሰው ከሣጥኑ አውጥቶ በዚያው ዕለት ከደጃፉ ሊያስነሣው፣ በተገጠመለትም ካሜራ እየተመራ ከዓይኑ አርቆ ሊልከው ይችላል። ሞዴል አውሮፕላን ግን በአብዛኛው ከቀላል እንጨት ወይም ከፎም የተሠራ፣ አብራሪው ለጥቂት ሴኮንዶች ዓይኑን ቢነቅልበት የሚከሰከስ ነገር ነው። መነሻና ማረፊያ የሚሆን ሰፊ ሜዳ ይሻል፤ ጀማሪውም አስተማሪ ይሻል። በመሆኑም ድሮን ገዢውን ለብቻው እንዲያበር ሲያስችለው፣ ሞዴል አውሮፕላን ባለቤቱን ወደ ማኅበር ይወስደዋል።

ማኅበሩም ባዶ ስም አልነበረም። በ1936 የተመሠረተው አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ የአሜሪካን ክለቦች በአንድ ጥላ ሥር አሰባስቦ የደኅንነት ደንብ አውጥቶላቸዋል፤ ለአባላቱም የመድን ሽፋን ይሰጣል። በክለብ ሜዳ ላይ አስተማሪውና ተማሪው መቆጣጠሪያዎቻቸውን አያይዘው ይቆማሉ፤ ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው ወዲያውኑ አውሮፕላኑን ይረከበዋል። ቀደም ባሉት ዓመታት ሁለት ሰዎች በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ከተጠቀሙ አውሮፕላን ይወድቅ ስለ ነበር፣ የሞገዱን ምልክት ከሰሌዳው ላይ ያላነሣ አባል መቆጣጠሪያውን እንዲከፍት አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ሥርዓት ያወጣው ፖሊስ አልነበረም። ዕድር አባላቱን አውቆ፣ የቀረውን ጠይቆ፣ ያጠፋውን እንደሚቀጣ ሁሉ፣ ክለቡም የራሱን ሰዎች ራሱ ይቆጣጠር ነበር።

መንግሥትም ይህን ሐቅ ለረጅም ጊዜ ተቀብሎት ኖሯል። የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር በ1981 ያወጣው አጭር መመሪያ፣ አብራሪዎቹ ከ400 ጫማ ወይም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጡ፣ ከመኖሪያ ሠፈርም እንዲርቁ የሚመክር እንጂ የሚያስገድድ አልነበረም። በ2012 የወጣው ሕግ ደግሞ በማኅበር የደኅንነት ደንብ መሠረት ለመዝናኛ ብቻ በሚበሩ ሞዴሎች ላይ አስተዳደሩ አዲስ ደንብ እንዳያወጣ ከልክሎት ነበር።

ነገሩን የለወጠው የርካሽ ድሮን መስፋፋት ነው። በ2015 መጨረሻ ከ250 ግራም እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ 5 ዶላር ከፍሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ። በግንቦት 2017 የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ ትእዛዝ የ2012ቱን ሕግ ስለሚጥስ በሞዴል አውሮፕላን ላይ ሊሠራ አይችልም ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ምክር ቤቱ ምዝገባውን በአዲስ ሕግ መለሰው። በጥቅምት 2018 ደግሞ የ2012ቱ ከለላ ጭራሹን ተሻረ፤ አብራሪው የዕውቀት ፈተና እንዲያልፍ፣ የአየር ማረፊያ ቁጥጥር ባለበት ክልልም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ተደነገገ።

ከሁሉ የከበደው ግን በታኅሣሥ 2019 የቀረበው የርቀት መለያ ረቂቅ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ በራሪ መሣሪያ ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታና የአብራሪውን መቆሚያ በሬዲዮ እያሰራጨ መብረር አለበት። የመለያ መሣሪያ የሌላቸው ሞዴሎች እንዲበሩ የሚፈቀደው ዕውቅና ባገኙ ሜዳዎች ብቻ ሆነ። ረቂቁ ለሜዳዎቹ ማመልከቻ የሚቀበለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተዘጋ ሜዳ ምትክ አይኖረውም ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ የእርሻ መሬት በተሸጠ፣ ከተማ በሰፋ ቁጥር ክለቦቹ አንድ በአንድ እንዲጠፉ ተፈርዶባቸው ነበር።

እዚህ ላይ የተደራጀ ሕዝብ ድምፅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ታየ። በረቂቁ ላይ ወደ 53,000 የሚጠጉ አስተያየቶች ቀረቡ። በጥር 2021 በወጣው የመጨረሻ ደንብ የአንድ ዓመቱ ገደብ ተነሣ፤ የትምህርት ተቋማትም ለሜዳ እንዲያመለክቱ ተፈቀደ፤ መሣሪያዎች ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኙ የሚያስገድደውም ሐሳብ ቀረ። ደንቡ ራሱ ግን ጸንቷል፤ በሐምሌ 2022 ፍርድ ቤት ሕጋዊነቱን አረጋግጧል፤ ከመጋቢት 2024 ጀምሮም ሙሉ በሙሉ እየተፈጸመ ነው።

ለመሆኑ የዝቅተኛው ሰማይ ተፈላጊነት ለምን ጨመረ? መልሱ በከፊል በገበያው ውስጥ ይገኛል። የአልፋቤት ንዑስ ኩባንያ የሆነው ዊንግ በ2019፣ አማዞን ደግሞ በ2020 ዕቃ በድሮን ለማድረስ የሚያስችላቸውን የአየር አጓጓዥ ምስክር ወረቀት አግኝተዋል። አስተዳደሩም የርቀት መለያው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰፊ እንቅስቃሴ መሠረት የሚጥል መሆኑን አልደበቀም። ይህ ሲባል ደንቡ ለኩባንያዎች ጥቅም ብቻ ወጥቷል ማለት አይደለም። ነገር ግን ጠበቃና ገንዘብ ያለው ኩባንያ ለወጪው በቀላሉ ሲዘጋጅ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ ሞዴል የሚሠራው ሠራተኛ በአንድ መንደር ሜዳ ተወስኖ መቅረቱ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይንጸባረቃሉ። የመጀመሪያው ከአንዳንድ አብራሪዎች የሚሰማው፣ «ለዘመናት ጉዳት አላደረስንምና ሕግ አይንካን» የሚለው ነው። ሰማይ የጋራ ሀብት ነው። በታኅሣሥ 2018 ድሮን ታየ በሚል በለንደኑ ጋትዊክ አየር ማረፊያ ወደ 1,000 የሚጠጉ በረራዎች ተስተጓጉለው ወደ 140,000 የሚጠጉ መንገደኞች ተጉላልተዋል። በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ጊዜ፣ አንድ ሰው ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አስነሥቶ ከዓይኑ ያራቀው ድሮን የእሳት አጥፊ አውሮፕላን ክንፍ በስቶ አውሮፕላኑን ለቀናት ከሥራ ውጭ አድርጎታል። እሳት ቤቱን ለሚበላበት ነዋሪ ይህ ተራ ጥፋት አይደለም። እንዲህ ያለውን አደጋ መከላከል የማንኛውም መንግሥት የማይታለፍ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የቢሮው ነው፤ የሚበር ሁሉ አንድ ነው ብሎ መሣሪያን በክብደቱ ብቻ መለካት። የሎስ አንጀለሱ አደጋ የደረሰው የምዝገባውም የርቀት መለያውም ደንብ በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ነበር። የሕግ አክባሪው ክለብ አድራሻ ይታወቃል፤ የአባላቱ ዝርዝርም አለ፤ ስለዚህ ደንብ መጀመሪያ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ከማኅበር ውጭ ለብቻው የሚያበረው ግዴለሽ ግን ከጥፋቱ በኋላ ይፈለጋል። በቀላሉ የሚገኘውን መቆጣጠር አደገኛውን እንደ መቆጣጠር ሊቆጠር አይገባም።

ሌላ መንገድ መኖሩን የአውሮፓ ኅብረት አሳይቷል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት የኅብረቱ ደንብ፣ የየአገሩ ባለሥልጣን ለሞዴል አውሮፕላን ክለብ በማኅበር ደረጃ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስችለዋል። ለፈቃዱ መሠረት የሚሆነው የክለቡ የአሠራር ሥርዓት፣ አደረጃጀትና አመራር ነው። ክለቡም አባላቱን ወክሎ እንዲያስመዘግብ ሊፈቀድለት ይችላል። በዚህ አሠራር ግለሰቡ ከሕግ አላመለጠም፤ ሕጉ ግን በሚያውቀው ማኅበር በኩል ደረሰው። መብትና ግዴታ አብረው ተሰጡ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ደንብ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የት፣ በማንና እንዴት እንደሚሠራበት መመልከት አለበት። ለተደራጀው ማኅበር ኃላፊነት በጽሑፍ ሊሰጠው፣ ሲያጠፋም ሊጠየቅ ይገባል። ክለቦችም በበኩላቸው ድሮን የያዘውን ወጣት እንደ እንግዳና እንደ ጠላት ከበር መመለሳቸውን ሊያቆሙ፣ ተቀብለውም ሊያስተምሩት ይገባል፤ አስተማሪ ያገኘ ወጣት ከጣሪያ ላይ ለብቻው አያበርምና።

ሜዳ ሲዘጋ የሚጠፋው ሣርና አጥር ብቻ አይደለም። ታላቁ ለታናሹ ጥንቃቄን የሚያስተምርበት ቦታም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ቦታ ደግሞ የትኛውም መለያ መሣሪያ አይተካውም። ሰማዩ እንዲጠበቅ የሚፈልግ መንግሥት ሰማዩን ሲጠብቁ የኖሩትን ማኅበራት ከጎኑ ማሰለፍ ይኖርበታል!