«ማን ጠየቀን?»

ባለፈው ዓመት ከግቢያችን ተነሥተው፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚማሩ እኅቶቻችን ኮምፒዩተርና ኮድ ሊያስተምሩ ከሄዱት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነበርሁ። 8 ቅዳሜ ጠዋት አስተማርን። በመጨረሻው ቀን ሠርተፊኬት ታደለ፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ፎቶግራፉም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈና ያየው ሁሉ አመሰገነን፤ እኛም ምስጋናውን ቅር ሳይለን ተቀበልን። ነገር ግን አንድ ቀን ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ልጆቹን ቈጠርኋቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጡት 40 ነበሩ። በፎቶግራፉ ላይ ያሉት 17 ናቸው። 23ቱ የት ገቡ? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው።

በጊዜው ፈጣን መልስ ነበረን፤ «ፍላጎት የላቸውም» አልን። መፍረዱ ቀላል ነበር፤ የተፈረደባቸው በቦታው አልነበሩምና። ከወራት በኋላ ግን ከቀሩት አንዷን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ በትምህርት ቤቱ በር አገኘኋትና ለምን እንደ ቀረች ጠየቅኋት። «ቲቸር፣ ቅዳሜ ጠዋት እኮ እናቴ ገበያ ትሄዳለች፤ ልብስ የማጥበውም ታናናሾቼን የምጠብቀውም እኔ ነኝ» አለችኝ። «እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮስ?» አልኋት። «እሑድማ እመጣ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀን?»

እውነትም ማን ጠየቃቸው? ቅዳሜ ጠዋትን የመረጥነው እኛ ነን። የመረጥነውም በዚያ ሰዓት ክፍል ስለሌለን፣ ከሰዓት በኋላም ኳስ ማየት ስለምንፈልግ ነው። በብዙው ቤታችን ቅዳሜ ጠዋት የሴት ልጅ የሥራ ቀን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኅቶቻችን ሲያጥቡ፣ ሲፈጩ፣ ሲጠርጉ እያየን ነው ያደግነው። እያወቅን ሳናስብበት ቀረን። እንግዲህ ሰዓቱን ስንቈርጥ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር አብረን ቈርጠናል ማለት ነው። ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ለመውጣት የማንንም ፈቃድ ባልጠየቀ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከክፍሉ ውስጥ ነው። በትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል 22 ማሽኖች ነበሩ፤ የሚሠሩት ግን 13 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ማሽን ፊት ሦስት ልጆች ተቀመጡ። ከሦስቱ ማውሱን የምትይዘው ሁልጊዜ አንዷ ናት፤ ይኸውም ቤቷ ላፕቶፕ ያለው ወይም ደፈር ያለችው። ሁለቱ ያያሉ። ይባስ ብሎ ልጅቱ ስትሳሳት እኛ አስተማሪዎቹ «ቆይ፣ እኔ ላሳይሽ» እያልን ማውሱን እንቀበላት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርገን አስተካክለን «ገባሽ?» እንላለን፤ እርስዋም ለይሉኝታ «አዎ» ትላለች። ምጣዱን ለሌላ ሰጥታ እንጀራ መጋገር የተማረች ልጅ አለችን? ሊጡን ማፍሰስ፣ ማበላሸት፣ እጅን ማቃጠል አለ። የኮድ ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ስሕተቱን የሠራችው እጅ ራሷ ፈልጋ ስታገኘው ነው ዕውቀቱ የሚቀረው።

ሦስተኛው የቋንቋው ነገር ነው። እኛ «ሉፕ»፣ «ቫሪያብል»፣ «ኮንዲሽን» እያልን ስንደረድር ልጆቹ በጸጥታ ይጽፉ ነበር፤ ጸጥታውን መረዳት መሰለን። አንድ ቀን ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ ሉፕን ስታስረዳ ሰማኋት፦ «ቡና ማፍላት ማለት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሥራው ያው ነው፤ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ ይበቃል።» እኔ በአንድ ሰዓት ያልገለጽሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ስክራች የተባለው የጀማሪዎች የፕሮግራም ቋንቋ፣ ትእዛዞቹን በአማርኛ ሊያሳይ ይችላል፤ ዋጋ የለውም፤ አንድ ጊዜ በማሽኑ ላይ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህን እያወቅን፣ በእንግሊዝኛው ይሁን ብለን፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቍጥርም እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥነው ለምን ነበር?

አሁን አንዳንድ ባልደረቦቼ የሚያነሡትን ተቃውሞ ልመልከት።

«ለምን ለሴቶች ብቻ?» ይባላል። ወንዱ አይማር ያለ የለም። ነገር ግን ማሽን ባነሰበት ክፍል ወንድና ሴት ተቀላቅለው ሲገቡ ማውሱ በማን እጅ እንደሚወድቅ ያየን እናውቃለን። እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ በሩ ለሴት ልጅ ለብቻው ካልተከፈተ በወንዱ በር እንደማትገባ ታውቆ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬ በአፋችን ባንለውም፣ ሰዓት ስንመርጥና ማውስ ስንቀበል በሥራችን እየደገምነው መሆኑን እንመን። ነገሩማ የወንድ ሙያ ሆኖ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየውን ኤኒያክ የተባለውን ታላቅ የስሌት ማሽን ፕሮግራም ያዘጋጁለት 6 ሴቶች ነበሩ፤ ማሽኑ ሲመረቅ ግን ስማቸው አልተነሣም። እንግዲህ መርሳቱም የቈየ ልማድ ነው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ደግሞም ተጀምሯል» የሚሉም አሉ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋራ በመተባበር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ ለማስተማር ታቅዶ መርሐ ግብሩ ይፋ ሆኗል። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነውና ማሽንና መስመር ለሌላት ልጅ ዜና ብቻ ነው የሚሆነው። ያችን ልጅ እስከ ማሽኑ ድረስ የሚያደርሳት፣ በአጠገቧም የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

«ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ኮድ ይጽፋል፤ ምን ያደክማል?» የሚለውም ተቃውሞ በየመዝናኛ ክበቡ ይሰማል። ማሽን ቢጽፍም የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚመረምር፣ ምን እንዲጻፍም የሚያዝ ሰው ይፈለጋል። አዛዡ ከማን ወገን ይሁን ነው ጥያቄው። የእኅቶቻችንን ችግር የማያውቅ ሰው ለችግራቸው የሚሆን ፕሮግራም ያዝዛል ብለን አንጠብቅ፤ የእኛ የቅዳሜ ጠዋት ምርጫ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ከእኛ በፊት በዚህች አገር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተማሪዎች አገልግሎትን በቅዳሜ አልለኩትም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር፣ የያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ተጣለበት፤ ብዙዎቹም በመምህርነት አገልግለዋል። ያጕረመረሙ አልጠፉም። ሆኖም ለዓመት የሄደ ሰው የተማሪውን ቤት፣ የተማሪውን ገበያ፣ የተማሪውን መንገድ ሳይወድ በግድ ያውቃል። ለ8 ቅዳሜ የሄደ ግን የሚያውቀው ሠርተፊኬቱን ነው። የማንም አስገዳጅነት የሌለበት የእኛ በጎ ፈቃድ ከእነርሱ ግዴታ ሊያንስ ይገባዋልን?

ነቅፎ ዝም ማለት ቀላል ነውና ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲወያይባቸው የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ልጆቹና እናቶቻቸው ይምረጡት። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ወላጆችን ጠርተን ምን እንደምናስተምር፣ ልጆቻቸው ስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደሚመለሱ እናስረዳ። እናት ያላመነችበት ትምህርት ከሁለተኛው ሳምንት አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ስሙን ያስመዘገበ በጎ ፈቃደኛ ለሁለቱም መንፈቀ ዓመት ይፈርም። ፈተና ሲደርስ የሚተካው ባልደረባ ከወዲሁ ይመደብለት። ልጆቹ በየሳምንቱ አዲስ ፊት እያዩ ከፊደሉ እንዲጀምሩ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የራሳችን የኮምፒዩተር ክፍሎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቈልፈው ነው የሚውሉት። ማኅበራችን አስተዳደሩን ጠይቆ ለልጆቹ ያስከፍትልን። ለቲሸርትና ለባነር የምናወጣው ገንዘብ ለታክሲያቸው ይዋል።

አራተኛ፣ በአንድ ማሽን ከሁለት ልጅ በላይ አይቀመጥ፤ ማውሱም በየ15 ደቂቃው እጅ ይለውጥ። አስተማሪውም እጁን ወደ ኋላ ያድርግ፤ በአፉ ያስረዳ።

አምስተኛ፣ ባለፈው ዓመት ከሄድነው 12 በጎ ፈቃደኞች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱንም ስም መዝጋቢና ውሃ አዳይ አደረግናቸው። የግቢያችን እኅቶች ከፊት ቆመው ያስተምሩ። ልጅቱ ነገ ልትሆነው የምትችለውን ዛሬ በዐይኗ ትየው።

ስድስተኛ፣ ሪፖርታችን ስንት ሠርተፊኬት እንደ ታደለ ሳይሆን፣ ስንቷ ጀምራ ስንቷ እንደ ጨረሰች፣ የቀረችውም ለምን እንደ ቀረች ይናገር።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ከባድ ሸክም መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ በዚህ ግቢም ሃምሳ ሰው አይጠፋም።

እኔ በበኩሌ ያችን ልጅ እንደ ገና ሄጄ አግኝቻታለሁ። በመጪው መንፈቀ ዓመት እሑድ በ8 ሰዓት እመጣለሁ ብላኛለች፤ ታናሽ እኅቷንም ይዛ መምጣት ትችል እንደ ሆነ ጠይቃኛለች። እኔም «ትችያለሽ» ብያታለሁ። ማኅበራችን ክፍሉን ካላስከፈተልን ቃሌን የምጠብቅበት ቦታ የለኝም።